ዘጠና ሰባት መስመር

ይህን ከመጻፌ በፊት ሂሩትን አስፈቅጃለሁ። «ስማችንን ቀይረህ ጻፈው፤ የራስህን ጥፋት ግን እንዳታሳንስ» አለችኝ። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ጥፋቴንም በልኩ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሜልበርን ከተማ፣ ፍሌሚንግተን፣ ሬስኮርስ ሮድ አጠገብ ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የኮምፒውተሬ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። የሌሎችን ሥራ እየከፈትኩ፣ እያፈረስኩ፣ መልሼ እየገጣጠምኩ ነው የለመድኩት። ብዙ አላወራም። እናቴ ለጎረቤት ስታማኝ «እኔን ሳይሆን ኪቦርዱን ጠይቁት፤ ከሱ ጋር ነው የሚያወራው» ትል ነበር።

በኢንተርኔት ላይ እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ የሚከበረው ብዙ ነገር የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም፤ ትንሹ ነው። አንድን ሥራ በስንት መስመር ጨረስከው ነው ጥያቄው። እኔም ሳታስፈልግ የተጻፈች አንዲት መስመር ካየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ስለነበርኩ ቦታው ተስማማኝ።

ጋሼ ዘለቀ ከኛ በላይ፣ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት የአማርኛ ታይፒስት ነበሩ፤ በኋላ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር በእግር ሱዳን ገብተው ከዚያ ወደዚህ መጡ። ሊፍት ውስጥ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንተ የእሌኒ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ልጄ ሂሩት የሰጠችኝ ላፕቶፕ አለ። አንድ ቃል በጻፍኩ ቁጥር ከሥሩ ቀይ ያሰምርብኛል። እኔን! ሚኒስትር እንኳን ያላረመኝን! ከላይ ደግሞ ሥዕል ተደርድሯል፤ አንዱን ስነካ ወረቀቱ ይሰወርብኛል። እኔ የምፈልገው ነጭ ወረቀትና ፊደል ብቻ ነው።»

«ሌላ ምንም?»

«ምንም። ሴቭ አድርግ ምናምን እንዳትለኝ፤ እሱን እረሳዋለሁ።» ሊፍቱ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሞ በሩ ተከፈተ፤ እሳቸው ግን ክንዴን አልለቀቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ጀምሮሃል ብሎኛል። እየባሰ ነው የሚሄደው አለኝ። ሳይብስብኝ ለሂሩት ጽፌ የማስቀምጠው ነገር አለ። በአፌ ልነግራት አርባ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም።»

ሥራውን ስቀበል አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ የሚጽፉትን እንዳላነብ፣ ፋይሉን እንዳልነካ በማተቤ እንድምልላቸው። አንገቴ ላይ ያለውን ክር ይዤ ማልኩ። የተባልኩትን ቃል በቃል የምይዝ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳያነበው ቅጂውን ያስቀምጥላቸው ነበር። እኔ ግን መቅዳትም መንካት ነው ብዬ ወሰንኩ።

ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩት። ላፕቶፑ ሲበራ በቀጥታ ነጭ ገጽ ይመጣል፤ ቁልፉን ሲጫኑ ትልልቅ የአማርኛ ፊደል ይጻፋል። የፋይል ስም የለም፣ ምናሌ የለም፣ የገጽ ቁጥር የለም፣ መልእክት የለም። በየአምስት ሴኮንዱ ራሱ ያስቀምጣል፤ በማግስቱ ሲከፈት ያቆሙበትን ያመጣል። መጀመሪያ መቶ ስድስት መስመር ነበር። ከመቶ በታች ካላወረድኩት ለዚያ የኢንተርኔት ጉባኤ ማቅረብ አፈርኩ። ዘጠኝ መስመር ቆረጥኩ።

ከዘጠኙ ሁለቱ፣ ጽሑፉ ካልተለወጠ ደግመህ አታስቀምጥ የሚሉ ነበሩ። አራቱ፣ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ከተገኘ አስጠንቅቅ የሚሉ ነበሩ። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ፣ ጽሑፉን መጀመሪያ ሌላ ፋይል ላይ ጻፍ፤ ሙሉ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከዚያ ብቻ በአሮጌው ቦታ ተካው ይላሉ። እነሱ ከሌሉ ፕሮግራሙ አሮጌውን ባዶ ካደረገ በኋላ ነው አዲሱን የሚጽፈው። በባዶውና በአዲሱ መካከል ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያንሳል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋስ የሚለው ጥያቄ መጥቶብኝ ነበር። ሜልበርን ውስጥ መብራት መቼ ይጠፋል ብዬ አለፍኩት። ላፕቶፑ ባትሪ እንደሌለው አውቃለሁ፤ አብጦ ስላገኘሁት አውጥቼ የጣልኩት እኔው ነኝ።

ዘጠና ሰባቱን መስመር ኢንተርኔት ላይ ሳወጣው አንድ የማላውቀው ሰው «ያምራል» ብሎ ጻፈልኝ። ያችን ቃል ሳምንት ሙሉ እየከፈትኩ አየኋት።

ጋሼ ዘለቀ ሰባት ወር ጻፉ። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላታቸው ጥሩ ነው፤ ያኔ ይቀመጣሉ። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ «እንዴት ነው ጋሼ?» ስላቸው «ወረቀትህ ጨዋ ነው፤ አይናገረኝም» ይሉኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፊታቸው በርቶ አገኘኋቸው። «ነገ ተነገ ወዲያ ጣጣው ያልቃል። ዋናው ቦታ ደርሻለሁ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሁለተኛ ሐሙስ፣ ከሥራ ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እናቴ «ጋሼ ዘለቀ ይፈልጉሃል» አለችኝ። ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው አጠገብ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ላፕቶፑ በርቷል።

«ና ግባ። ይኼን ዕቃ ውሰድልኝ።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«እሱ ምን ይበላሻል። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።» ወንበር አሳዩኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅብኝ። እየጻፍኩ ነው ብዬ ነግሬህ አውቃለሁ?»

«ብዙ ጊዜ ነግረውኛል።»

«መናገሩንማ ተናግሬያለሁ። መጻፉን ነው የምጠይቅህ።» እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል ከተቱ። «ያለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ነጭ ነው። አንድ ፊደል የለበትም። እንዴ፣ ትናንት ልጨርሰው ጥቂት ቀርቶኝ አልነበር? አልኩ። ከዚያ የሐኪሙ ነገር ትዝ አለኝ። ያልሆነውን ሆነ ትላለህ ብሎኝ ነበር። ለካ ሰባት ወር ሙሉ ስጽፍ የኖርኩ እየመሰለኝ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው።»

«ለምን ወዲያው አልነገሩኝም?»

«ምን ልበልህ? አብጃለሁ ልበልህ?» ወደ ስክሪኑ በአገጫቸው አመለከቱ። «ይኸው በየቀኑ አዲስ እጀምራለሁ። ከመጀመሪያዋ አላልፍም።»

እንዳላነብ ምያለሁ፤ ግን ዓይን ከመነሳቱ በፊት አንብቦ ይጨርሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከላይ እስከ ታች አሥር ጊዜ ተደግሞ ተጽፏል። «ልጄ ሂሩት፣ ስለ ወንድምሽ የነገርኩሽ እውነት አይደለም።»

ምን እንደምላቸው ሳስብ ጋሼ ዘለቀ ተነሡ፤ ወደ ግድግዳው ጎንበስ ብለው የሶኬቱን ማጥፊያ ቀጭ አደረጉት። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«ጋሼ! ምን አደረጉ?»

«አጠፋሁታ። ተሸክመኸው ልትሄድ አይደል? ይኼ እሳት ነው። ስተኛም፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ሁሉንም ከግድግዳው ነው የማጠፋው። ካርቱም እያለን ጎረቤቶቻችን በመብራት ሽቦ እሳት ነው ያለቁት።»

«ኮምፒውተሩንም እንዲህ ነው የሚያጠፉት? ሁልጊዜ?»

«ሌላ ማጥፊያ አሳይተኸኛል?»

አላሳየኋቸውም። ፕሮግራሙ መውጫ የለውም፤ መውጫም መስመር ይፈልጋል።

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሰባት ወር ሙሉ፣ ፕሮግራሜ በየአምስት ሴኮንዱ ጽሑፋቸውን ባዶ እያደረገ መልሶ ሲጽፍ፣ እሳቸው በየቀኑ ከግድግዳው ሲያጠፉት ኖረዋል። ሁልጊዜ ለጥቂት ሲተርፍ ቆይቶ አንድ እሑድ፣ ለቅዳሴ ሲወጡ፣ ባዶዋ ቅጽበት ላይ አገኙት። ሰኞ ሲከፍቱት ነጩ ገጽ ብቻ መጣ። ችግር ተፈጥሯል የሚላቸው አንድ ቃል እንኳን አልነበረም፤ ያን ቃል ቆርጬዋለሁ። ስለዚህ ራሳቸውን ጠረጠሩ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ላፕቶፑን ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ አደረግሁ። ፊቴን አይተው «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን አጠፋህ» አሉኝ።

በሊፍት አልወረድኩም፤ በደረጃ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረጃው ላይ ያሰብኩት ስለ ጋሼ ዘለቀ አይደለም። ማንም አያውቅም ብዬ ነው ያሰብኩት። እሳቸው ራሳቸው በበሽታቸው አሳበዋል፤ ሐኪሙም ይመሰክራል። ዝም ብል እስከ ዕለተ ሞቴ የሚጠይቀኝ አይኖርም። ሁለት ፎቅ ለመውረድ ያን ያህል ጊዜ ፈጅቶብኝ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ቦታ ደውዬ አሞኛል አልኩ። የላፕቶፑን ዲስክ አውጥቼ ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት፤ ምንም እንዳይጻፍበት አድርጌ። አንድ ፋይል ባዶ ሲሆን በውስጡ የነበረው ጽሑፍ ወዲያው አይጠፋም። ማውጫው እንደተቀደደ መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ተበታትነው ይቆያሉ። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዲስክ ላይ በሦስት በሦስት ቁጥር ይቀመጣል፤ የፊተኛው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ ያን ቁጥር የሚያድን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ለመሐላዬ ስል ያገኘውን እንዳያሳየኝ፣ ብዛቱን ብቻ እንዲነግረኝ አደረግሁት። ይህን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል። ያን ጊዜ የቀረኝ ቀጥ ያለ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ከአራት መቶ በላይ ቁራጭ ቆጠረልኝ። ብዙው ተደጋጋሚ መሆኑ አይቀርም፤ ግን ጽሑፉ አለ። ጋሼ ዘለቀ ጽፈዋል።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ከዚያ እሑድ ወዲህ በነበሩት ቀናት ፕሮግራሜ ሥራውን አላቆመም ነበር። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ተለወጠች አልተለወጠች፣ በየአምስት ሴኮንዱ አዲስ ባዶ ቦታ እየፈለገ ሲጽፋት ነው የሰነበተው። ባዶ ቦታ የሚላቸው ደግሞ የጠፉት ገጾች የተኙባቸውን ነው። በሕይወት ባለ ሰው ላይ አፈር እንደመመለስ ነበር።

ቁራጮቹን በቅደም ተከተል ለመግጠም ማንበብ ግድ ነው። ለማንበብ ደግሞ መሐላው መፈታት አለበት። ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬን ይዤ ወጣሁ።

በሩን የከፈተችው ሂሩት ናት። ሜልተን ነው የምትኖረው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ሺፍት ስለሌላት አባቷን ታያለች። «ናቲ ነህ አይደል? አባዬ ዛሬ ደብሮታል፤ ምሳም አልበላም» አለችኝ። ጋሼ ዘለቀ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ብቀመጥ የማልጨርሰው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጽፈዋል። ሰባት ወር ሙሉ ጽፈዋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጽፌ ነበር?»

«ጽፈዋል። ፕሮግራሙን ሳሳጥር መጠበቂያውን ቆርጬ አውጥቼ ነው። ከግድግዳው ሲያጠፉት ጠፋ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የበሽታውም አይደለም።»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ሳቁ፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ። «እንግዲያው አላበድኩም! ሰማሽ ሂሩት? አላበድኩም!»

«ዌይት፣ ዌይት፣ ምንድነው የምታወሩት? ምን ጻፈ?» ሂሩት በመካከላችን ቆመች። አሳጥሬ ነገርኳት። ስለ መስመሮቹም ነገርኳት።

«ለስንት መስመር ነው ያልከኝ?»

«ለዘጠኝ።»

«ማን ሊቆጥርልህ ነው? ማን ነው ቁጭ ብሎ መስመር የሚቆጥርልህ?»

ወደ ጋሼ ዘለቀ ዞርኩ። «የተገኙ ቁራጮች አሉ። ካላነበብኳቸው ግን መግጠም አልችልም። ከመሐላው ይፍቱኝ።»

«ከምን መሐላ?»

«በማተቤ ያስማሉኝ። እንዳላነብ።»

ግንባራቸውን አሻሹ፤ ፈለጉት፣ አላገኙትም። «እኔ ነኝ ያስማልኩህ? ይሁን፤ ፈትቼሃለሁ። እሷ የአማርኛ ንባቧ ዳገት ነው። አንተ አንብብላት። እኔ እዚሁ ልቀመጥ።»

ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። ሂሩት ከጎኔ ተቀምጣ ሁለት ሰዓት ያህል ቁራጭ ከቁራጭ ገጠምኩ፤ ከዚያ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። የታይፒስት አጻጻፍ ነው፤ አጭር፣ ንጹሕ፣ ያለ ስህተት። ሂሩት የምታውቀው ታናሽ ወንድሟ በረከት ወደ ሱዳን ሲሄዱ መንገድ ላይ በትኩሳት እንደ ሞተ ነበር። የጻፉት ግን እንዲህ ይላል፦

«በረከት ትኩሳት ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መንገድ መሪው ይህ ሕፃን ሲያለቅስ ሁላችንንም ያስገድለናል፣ ወይ እሱ ይቀራል ወይ እናንተ ትቀራላችሁ አለ። እናትሽ አልሰጥም አለች። ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከወንዙ ዳር አንዲት ጎጆ ነበረች። የቤቱ ሴትዮ ምንም ሳትጠይቅ ተቀበለችኝ። በሕይወት ነበር፤ ጣቴን ይዞ ነበር። ስትመለስ ስሜን ጠርተህ ጠይቅ፣ አገሩ ሁሉ ያውቀኛል አለችኝ። እናትሽ ከዚያ ቀን እስክትሞት ድረስ ከኔ ጋር አልተነጋገረችም። ለአንቺ ሞቷል ያልኩሽ እንዳትጠብቂው ብዬ ነው። አሁን ግን እኔ ስረሳው የሚያውቀው ስለማይኖር የሴትዮዋን ስምና የቦታውን ስም እጽፍልሻለሁ። ስሟ»

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ወደሚቀጥለው ቦታ ሄድኩ። እዚያ የነበረው በኋላ የተጻፈው ነው፤ «ልጄ ሂሩት፣ ስለ ወንድምሽ የነገርኩሽ እውነት አይደለም።» ሌላ ቅጂ ፈለግሁ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የተጻፉት በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሆነ ቅጂያቸው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ላይ ያችው ዓረፍተ ነገር ተጽፋበታለች። እንደገና ፈለግሁ። የለም።

ሂሩት አባቷን ሳታይ፣ «በየዓመቱ ስሙን ከሙታን ጋር ለጸሎት እሰጣለሁ እኮ» አለች። «ነፍሱን ይማር እያልኩ ነው የኖርኩት።» ተነሥታ ጋሼ ዘለቀ እግር ሥር ቁጭ አለች። «አባዬ፣ እኔን እየኝ። የሴትዮዋ ስም ማነው?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ዘነበች» አሉ። «አዎ። ዘነበች።»

ሂሩት ስልኳ ላይ ጻፈችው። የቦታውን ስም ጠየቀቻቸው፤ አንድ ስም ሰጧት። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው ጀመሩ፦ «ተዋበች ልጁን ስትቀበለኝ እጇ ሊጥ ነበረው።»

«ተዋበች? ዘነበች አላልከኝም አባዬ?»

«ዘነበች ማናት?»

ቦታውንም ደግማ ጠየቀቻቸው። ሌላ ስም ነገሯት፤ ከዚያ ሦስተኛ። በሦስቱም እርግጠኛ ነበሩ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ላይ ስትነሣ ደከማቸውና ተኙ። ሂሩት በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ አልሰደበችኝም። «ባዶ ሆኖ ባገኘበት ሰኞ ነግሮህ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ዕለት ስሙን ያስታውሰው ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ዛሬም አላውቅም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የደረሰው ይህ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው «ሰባት ወር የተጻፈ ጽሑፍ አጠፋህ» ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እነዚያ አሥር ቀናት ናቸው። አንድ ጤነኛ ሐሳብ ያለው ሰው፣ ሊያስታውስ የቀሩት ቀኖች ተቆጥረው ሳለ፣ የኔን ነጭ ገጽ እያየ ራሱን እብድ ነኝ ብሎ አሳመነ። በሽታው ገና ያልወሰደበትን እኔ ወሰድኩበት። ማስጠንቀቂያዋ አራት መስመር ነበረች።

ዛሬ ያ ፕሮግራም መቶ ሠላሳ አንድ መስመር ነው። አያምርም። ችግር ሲገጥመው በትልልቅ ፊደል «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ናቲን ጥሩት» ይላል። ለወላጆቻችሁ ስልክና ኮምፒውተር የምታስተካክሉ ልጆች ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አጠገባቸው ተቀመጡና እንዴት እንደሚያጠፉት እዩ። «ረሳሁት መሰለኝ» ሲሏችሁም ቶሎ አትመኗቸው። መጀመሪያ ዕቃውን መርምሩ።

ሂሩት ሁለቱን የሴት ስምና ሦስቱን የቦታ ስም ይዛ በዘመድ በወዳጅ ታፈላልጋለች። እስካሁን የተገኘ የለም። የወንድሟን ስም ከሙታን ጋር መስጠት አቁማለች።

ጋሼ ዘለቀ አሁን አስኮት ቬል አቅራቢያ ባለ የአረጋውያን ቤት ናቸው። እሑድ ከሰዓት በትራም እሄዳለሁ። እኔን አያውቁኝም፤ ግን ሲነበብላቸው ይወዳሉ፤ ሂሩት ስለፈቀደችልኝ የራሳቸውን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። ጆሯቸውን አዘንብለው እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ያዳምጣሉ። ከወንዙ ዳር ያለችው ጎጆ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ እጄን ይይዙኛል።

«ከዚያስ? ልጁ ተገኘ?»

«እየተፈለገ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ፍጠኑ እንጂ» ይሉኛል። «አባትየው እኮ ምስኪን፣ እስካሁን ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ይሆናል።»